አዋሽ ላይ ያየኋቸው ብርቱካናማ ቢራቢሮዎች አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ ሁለት (ወይስ ሦስት)?

የአዳማዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ እንዴት ናችሁ። እዚህ አዲስ ነኝ፣ በፊት ወፍ ነበር የማየው አሁን ግን ዓይኔ ሁሉ ቢራቢሮ ላይ ሆኗል። ጥያቄ አለኝ እስቲ የምታውቁ አስረዱኝ።

ከመተሃራ አለፍ ብሎ ወደ አዋሽ ፓርክ ሲኬድ መንገድ ዳር ያ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ጦቢያው በብዛት ያለበት ቦታ አለ፣ እዛ ቆመን ብርቱካናማ ቢራቢሮዎች አየሁ፣ የፊት ክንፋቸው ጫፉ ጥቁር ነው ጥቁሩ ላይ ደግሞ ነጭ ነጠብጣብ ተደርድሮ አለ። ሁሉም አንድ ናቸው ብዬ ዝም ብዬ ፎቶ ሳነሳ ዋልኩ። ቤት ገብቼ አይናቹራሊስት የሚባለው ዝርያ የሚለየው አፕ ላይ ስጭናቸው ግን አንዱን ዳናውስ ክራይሲፐስ አለኝ፣ ሌላውን ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ አለኝ፣ አንዷን ትንሿን ደግሞ አክሪያ ምናምን አለኝ። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው በቃ አንድ ናቸው፣ ልዩነቱ አይታየኝም። ከነሱ መሃል ደግሞ ጫፉ ጭራሽ ጥቁር የሌለው፣ ክንፉ ሙሉ ብርቱካናማ የሆነ አለ፣ እሱንም ክራይሲፐስ ነው ይለኛል፣ ይሄ እንዴት ይሆናል?

አፑ እየገመተ ነው ወይስ እውነቱን ነው? እኔ በመረብ መያዝም መግደልም አልፈልግም፣ ቆሜ በዓይኔ ወይ በስልኬ ዙም አድርጌ መለየት ነው የምፈልገው። መጀመሪያ የቱ ጋ ነው የሚታየው? ፎቶዎቹን ቁጥር ሰጥቼ ለጥፌያቸዋለሁ።

አንቴና፦

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። አፑ ልክ ነው፣ የለጠፍሻቸው ፎቶ 1 እና ፎቶ 2 የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው፣ አንድ መምሰላቸው ደግሞ ያለምክንያት አይደለም። ዳናውስ ክራይሲፐስ አባጨጓሬ እያለ ጦቢያውንና የጦቢያው ዘመዶችን ነው የሚበላው፣ ከወተቱ የሚያገኘውን መርዝ ሰውነቱ ውስጥ ይዞ ያድጋል፣ ወፍ ከቀመሰችው ትተፋዋለች፣ ሁለተኛ ብርቱካናማ ነገር አትነካም። የሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ሴቷ ግን መርዝ የላትም፣ የምትድነው እሱን በመምሰል ነው። ስለዚህ ያንቺን ዓይን ያሳሳተው ያው ወፏን የሚያሳስተው ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። የፊት ክንፉን እርሺው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጥቁሩን ጫፍና ነጩን ነጠብጣብ ነው፣ ግን እኮ ማስመሰሉ የተሠራው እዛ ላይ ነው፣ ወፍ ከሩቅ የምታየው እሱን ስለሆነ። አንቺ የኋላውን ክንፍ እዪ። ክንፉን ዘርግቶ ሲቀመጥ የኋላ ክንፉ መሃል አካባቢ ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች ካሉ ቁጠሪያቸው፣ ሦስት ወይም አራት ከሆኑ ክራይሲፐስ ነው። ሚሲፐስ ላይኛው ገጽ ላይ አንድ ብቻ ነው ያላት፣ እሱም ወደ ፊተኛው ጠርዝ የተጠጋ ነው፣ ብዙ ጊዜ የፊት ክንፏ ይሸፍነዋል ስለዚህ ምንም ነጥብ የሌላት ልትመስልሽ ትችላለች።

ሁለተኛ የኋላ ክንፍ ጠርዝ። የክራይሲፐስ ጠርዝ ለስላሳ ነው፣ ክብ ሆኖ ይሄዳል፣ ጥቁሩ ውስጥ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉ። የሚሲፐስ ግን ጠርዙ እንደ ነጠላ ጥለት ጫፍ ገባ ወጣ ገባ ወጣ ይላል፣ ውስጡ ያሉት ነጮችም ነጠብጣብ ሳይሆኑ ትንንሽ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ናቸው በድርብ የሚሄዱ። ፎቶ 2ን ዙም አድርጊው መሬት ላይ የተቀመጠችውን፣ ገባ ወጣው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፎቶ 1 የወፍ ቆሎ አበባ ላይ ያለው ደግሞ ሦስቱም ነጥብ ይታያል፣ ጥያቄ የለውም።

ጭንቅላቱና ደረቱ ላይ ያሉትን ነጭ ነጥቦች አትመኪባቸው፣ ክራይሲፐስ ላይ ደምቀው ነው የሚታዩት ግን ለብቻቸው አይበቁም።

ሦስተኛ አበራረር ነው። ክራይሲፐስ አይቸኩልም፣ ዝቅ ብሎ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል፣ ማንም እንደማይነካው ያውቃል ማለት ይቻላል። ሚሲፐስም ስትረጋጋ እንደሱ ትበራለች፣ ካስደነገጥሻት ግን ፍጥነቷ ሌላ ነው፣ ክንፏን ቶሎ ቶሎ መታ መታ አድርጋ ዘርግታ ትንሸራተትና ከዓይንሽ ትጠፋለች።

መምህር ነኝ ከድሬ፦

ጥሩ ማብራሪያ ነው ወንድሜ አንቴና፣ የኋላ ክንፉን ነገር ሁሉም ሰው መያዝ አለበት። አበራረሩ ላይ ግን አልስማማም። እዚህ ድሬዳዋ እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ክራይሲፐስም ከነካኩት ፈጥኖ ነው የሚሄደው፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትሞቅ ደግሞ ሚሲፐስም እግሯ ስር ብትቆም እንኳን አትነሳም። በአበራረር ተጠራጠሩ እንጂ ስም አትስጡ ባይ ነኝ።

እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ ወንዱን ፈልጊ። የሚሲፐስ ወንዱ ሴቷን ጭራሽ አይመስላትም፣ ጥቁር ነው፣ በያንዳንዱ የፊት ክንፉ ሁለት በያንዳንዱ የኋላ ክንፉ አንድ ትልቅ ነጭ ክብ አለው፣ የነጩ ዙሪያ ፀሐይ በሰያፍ ስትመታው ሐምራዊ ሰማያዊ ያበራል። እሱ ደግሞ የራሱን ቦታ ይዞ መሬት ወይ ቁጥቋጦ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው፣ ሌላ ቢራቢሮ ሲያልፍ ያባርርና ተመልሶ እዛው ይቀመጣል። እሱን ካየሽ ሴቶቹ በአካባቢው አሉ ማለት ነውና ብርቱካናማ የሆነውን ሁሉ ክራይሲፐስ ብለሽ እንዳታልፊ።

ሁለተኛ ተክሉን እዪ። ቢራቢሮ ማር ፍለጋ ማንኛውም አበባ ላይ ይቀመጣል ስለዚህ አበባው አይነግርሽም፣ እንቁላል ስትጥል ግን አትሳሳትም። ጦቢያው ቅጠል ላይ አንድ አንድ እያደረገች የምትጥል ከሆነ ክራይሲፐስ ናት። ሚሲፐስ መሬት ለመሬት የምትሄደው ወፍራም ቅጠል ያላት አረም አለች አይደል ፖርቹላካ የሚሏት፣ እሷ ላይ ወይም እሷን በመሰሉ መሬት ላይ ባሉ አረሞች ላይ ናት የምትጥለው። እኔ ተማሪዎቼን ይዤ ስወጣ ከቢራቢሮው በፊት አባጨጓሬውን ነው የማስፈልጋቸው ምክንያቱም እሱ አይበርም። የክራይሲፐስ አባጨጓሬ ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ ቀለበት ቀለበት ነው፣ ጀርባው ላይ ሦስት ጥንድ ጥቁር ለስላሳ ቀንድ የመሰሉ ክሮች አሉት፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከመሃል አንዱ ከኋላ። የሚሲፐስ አባጨጓሬ ግን ጥቁር ሆኖ ቅርንጫፍ ያለው እሾህ በእሾህ ነው። ልጅ እንኳን አይስታቸውም።

አደራ የምለው ልጆች ካሉ የጦቢያው ወተት እጃቸውን ነክቶ ዓይናቸውን እንዳይነኩ፣ ዓይን ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ቅጠል መገልበጥ ካስፈለገ በእንጨት።

የአዳማዋ፦

ኧረ በጣም አመሰግናለሁ ሁለታችሁንም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ቁጭ ብዬ ፎቶዎቹን በሙሉ እንደገና አየኋቸው፣ የኋላ ክንፉን ብቻ እያየሁ ሳልፍ ነገሩ ሌላ ሆነ፣ ያ ገባ ወጣ ያላችሁት ጠርዝ አንዴ ካዩት በኋላ ሳያዩት ማለፍ አይቻልም። ፎቶ 2 እና ፎቶ 6 ሚሲፐስ ናቸው።

አሁን የቀረኝ ጥቁር ጫፍ የሌለው ነው፣ ፎቶ 4 ላይ ያለው። የኋላ ክንፉ ላይ አራት ነጥብ ቆጠርኩ፣ አንዱ ከሌሎቹ ተለቅ ይላል፣ ወደታች ወረድ ብሎ ያለው፣ መሃሉ ነጭ ነገር አለው። ይሄ ሌላ ዝርያ ነው? ትንሿን ደግሞ ፎቶ 5ን ረስታችኋታል።

ባዮ ተማሪ፦

ፎቶ 4 ወንድ ክራይሲፐስ ነው፣ ዶሪፐስ የሚባለው መልክ። አራተኛዋ መሃሏ ነጭ የሆነችው ነጥብ ያልሻት ነጥብ ብቻ አይደለችም፣ ወንዱ ሽታ የሚይዝባት ኪስ ናት፣ ሴቶቹ የላቸውም። ስለዚህ በአንድ ነጥብ ዝርያውንም ጾታውንም አወቅሽ ማለት ነው፣ ሦስት ከሆነ ሴት፣ አራት ከሆነ ወንድ። ክንፉን አጥፎ ቢቀመጥም ኪሷ ከስር ትታያለች።

የቀለሙ ነገር እንዲህ ነው፣ ክራይሲፐስ አንድ ዝርያ ሆኖ መልኩ ብዙ ነው። ጥቁር ጫፍ ያለው አለ፣ ጥቁር ጫፍ የሌለው ዶሪፐስ አለ እሱ በተለይ በምሥራቅ አፍሪካ ደረቅ አካባቢ ከሶማሌ እስከ ኬንያ የሚበዛው ነው፣ የኋላ ክንፉ ነጭ የሆነ አልሲፐስ የሚባል ደግሞ አለ እሱ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ነው የሚበዛው። እኛ አገር መገናኛ ላይ ስለሆንን ነው አንድ መንገድ ዳር ሁለት መልክ ያየሽው። የሚገርመው ግን ሚሲፐስም አብራ ተከትላዋለች፣ ጥቁር ጫፍ ያላት አለች፣ ኢናሪያ የምትባል ጥቁር ጫፍ የሌላት አለች፣ የኋላ ክንፏ ነጭ የሆነም አለች። ስለዚህ ጥቁር ጫፍ ስለሌለው ብለሽ ከሁለቱ አንዱን መጣል አትችዪም፣ ተመልሰሽ ያው ነጥብ ቆጠራና ጠርዝ ላይ ነው የምትመጪው። አንቴና የፊት ክንፉን እርሺው ያለሽ ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ እነዚህ መልኮች በሚደባለቁበት ናይሮቢ አካባቢ ስፒሮፕላዝማ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ከእናት ወደ እንቁላል ይተላለፍና ወንዶቹን ገና በእንቁላል ይገድላቸዋል፣ እዛ አንዳንድ ጊዜ የሚገኙት ክራይሲፐሶች ከሞላ ጎደል ሴት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ስታነሺ ነጥቡን ቆጥረሽ ወንድ ነው ሴት ነው ብለሽ ብትመዘግቢ ዋጋ ያለው ነገር ነው፣ በጣም ቀላል ሥራ ነው ግን ማንም አይመዘግበውም።

ፎቶ 5 አክሪያ ናት በእርግጠኝነት። ከክራይሲፐስ በግልጽ ታንሳለች፣ የፊት ክንፏ ጠበብና ረዘም ያለ ነው፣ ዋናው ግን ጥቁር ነጥቦቿ ናቸው፣ በሁለቱም ክንፍ ላይ ከሥሩ ጀምሮ ተበትነው ነው ያሉት በተለይ የኋላ ክንፍ ላይ። ክራይሲፐስ የፊት ክንፉ ብርቱካናማው ክፍል ላይ እንደዛ ዓይነት ነጥብ የለውም። አክሪያም ራሷ ለወፍ የማትጥም ናት፣ ስለዚህ እሷ እንደ ሚሲፐስ ባዶ እጇን አይደለም የምትመስለው። እንቁላሏን አንድ ላይ ከምራ ነው የምትጥለው፣ አክሪያ ኤንሴዶን የሚባለው ዝርያ የሚጥልበት ተክል የውሃ አንቁር ነው፣ ያ ሰማያዊ አበባ ያለው እርሻ ውስጥ የሚያስቸግረው አረም።

ግን ስሟን አክሪያ ኤንሴዶን ብለሽ እንዳትዘጊው። እ.ኤ.አ. በ1976 ከሷ ተለይታ የተሰየመች አክሪያ ኤንሴዳና የምትባል አለች፣ ሁለቱ በክንፍ አይለዩም፣ ላብ ውስጥ የመራቢያ አካላቸው በማይክሮስኮፕ ታይቶ ነው የሚለዩት። አንቺ መግደል ስለማትፈልጊ "ኤንሴዶን ወይም ኤንሴዳና" ብለሽ ተዪው፣ ይሄ ድክመት አይደለም ትክክለኛው መልስ እሱ ነው። ስትጥል ካየሻት ግን ተክሉን ጻፊ፣ የኤንሴዳና ተክል ሌላ ስለሆነ እሱ ይረዳል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ሰላም የአገሬ ልጆች፣ ይሄን እያነበብኩ ደስ አለኝ ምክንያቱም እዚህ ሜሪላንድም ያው ጣጣ አለ። እዚህ ሞናርክ አለ፣ የናንተው የክራይሲፐስ ዘመድ ነው እሱም ዳናውስ ነው፣ እሱን የምትመስል ደግሞ ቫይስሮይ የምትባል አለች። ልጄ ትምህርት ቤት ሞናርክ ነው ብላ የሳለችው ቫይስሮይ ነበር። እዚህም መልሱ የኋላ ክንፍ ላይ ነው፣ ቫይስሮይ የኋላ ክንፏ ላይ ደም ሥሮቹን አግድም አቋርጦ የሚሄድ ቀጭን ጥቁር መስመር አላት፣ ሞናርክ የለውም፣ ክንፍ ቢታጠፍም ቢዘረጋም ይታያል። አባጨጓሬዋ የምትበላው ደግሞ አኻያና የአኻያ ዘመዶችን ነው፣ የሞናርኩ ግን ወተት የሚያፈሱትን ተክሎች ነው።

አንድ ነገር ግን ለመምህሩ፣ እዚህ የናንተን ሥዕል ያየ ሰው ሞናርክ ነው እንዳይል አባጨጓሬውን ያሳዩት፣ የሞናርክ ሁለት ጥንድ ክር ብቻ ነው ያለው የክራይሲፐስ እርስዎ እንዳሉት ሦስት። እስራኤል ያሉት ዘመዶቼ አንዴ ሞናርክ አየን ብለው ፎቶ ልከውልኝ ነበር፣ ክራይሲፐስ ነው እዛ ያለው።

ቫይስሮይም ለረጅም ጊዜ መርዝ የሌላት አስመሳይ ናት ተብሎ በየመጽሐፉ ተጽፎ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ግን ተመራማሪዎች ክንፉን ነቅለው ሆዱን ብቻ ለወፎች ሲሰጡ ወፎቹ የቫይስሮይንም ጠሉት። ክንፍ ከሌለ ወፏ በመልክ ልትሸወድ አትችልም አይደል። እኔን በጣም የማረከኝ ሙከራ ነው።

አንቴና፦

መምህር፣ ስለ አበራረሩ ያልከው ልክ ነው እቀበላለሁ፣ ሙቀቱ ወሳኝ ነው። እኔ የማየው ደጋ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው።

የአዳማዋ፣ ፎቶ አነሳስ ላይ ትንሽ ልበል ምክንያቱም ፎቶ 3ን ማንም ሊረዳሽ አይችልም፣ ከፊት ለፊት ነው የተነሳው የኋላ ክንፉ የለም። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሂጂ፣ ለመሞቅ ክንፋቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ጥላሽ እንዳያርፍበት ዞር ብለሽ ቅረቢ፣ ጥላ ካረፈበት ይነሳል። መጀመሪያ ከሩቅ አንድ አንሺ ባይሆን እንዳይጠፋ፣ ከዛ እየቀረብሽ። ላይኛውን ብቻ አንስተሽ አትሂጂ፣ ክንፉን እስኪያጥፍ ጠብቂና ታችኛውን፣ ከዛ የተቀመጠበትን ተክል ቅጠሉን ጨምሮ አንሺ። ዝም ብሎ ካልተቀመጠልሽ ቪዲዮ በስሎሞሽን ቅረጪና ፍሬም እያቆምሽ ነጥቡን ቁጠሪ፣ እኔ ለሚሲፐስ ብዙ ጊዜ እንደዛ ነው የማደርገው።

አይናቹራሊስት ላይ የመጀመሪያውን የአፑን ግምት ዝም ብለሽ አትቀበዪ፣ ያ ኮምፒውተሩ ነው። ስም የሰጡት ሰዎች ከሁለት ሦስተኛ በላይ ሲስማሙ ነው ሪሰርች ግሬድ (ለምርምር የሚበቃ መረጃ) የሚሆነው፣ እኔም ገብቼ አያቸዋለሁ። አንዱ ቢራቢሮ የተለያየ ፎቶ ካለሽ አንድ ላይ ጫኚው፣ ሁለት ቢራቢሮ ግን አንድ ላይ አትጫኚ፣ ይሄን ብዙ ሰው ያደርገዋል ከዛ ስሙ ይደበላለቃል።

ወፍ ማየት ስለምትወጂ ደን አካባቢ ከሄድሽ ደግሞ ፓፒሊዮ ዳርዳነስን ፈልጊ፣ ትልቅ ቢጫማ፣ ጥቁር ጠርዝ ያለው፣ የኋላ ክንፉ ጭራ ያለው። በአብዛኛው አፍሪካ ሴቶቹ ጭራ የላቸውም ወንዱን አይመስሉም፣ በየአካባቢው ሌሎች መርዛማ ዝርያዎችን ነው የሚመስሉት፣ እኛ አገር ግን በብዛት ሴቶቹም ጭራ አላቸው ወንዱንም ይመስላሉ። የኢትዮጵያው አንቲኖሪ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1883 ነው የተሰየመው። የውጭ መጽሐፍ ይዘሽ ሴቷ ጭራ የላትም የሚለውን ካነበብሽ ያየሻቸውን ሁሉ ወንድ ነው ትያለሽ፣ እንዳትሸወጂ።

መምህር ነኝ ከድሬ፦

አንቴና ስለ ዳርዳነስ ያልከው በጣም ጠቃሚ ነው፣ ሰው ሁሉ የኬንያ ወይም የደቡብ አፍሪካ መመሪያ መጽሐፍ ነው የሚይዘው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአባጨጓሬውን ክር ነገር ለተማሪዎቹ እነግራቸዋለሁ፣ እናመሰግናለን። የልጅሽን ሥዕል ደግሞ ለጥፊልን።

የአዳማዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰጥታችሁ ስለጻፋችሁልኝ። ፎቶ 4ን ወንድ ዶሪፐስ ብዬ አስተካከልኩት፣ ፎቶ 5ን ባዮ ተማሪ እንዳለው በሁለቱም ስም ተውኩት፣ ፎቶ 3ን አወጣሁት። የጦቢያው ቅጠሎችን ፎቶ ሳይ ደግሞ አንዱ ጥግ ላይ አባጨጓሬ አለ፣ ሳነሳ አላየሁትም ነበር፣ ቀለበት ቀለበት ነው ክሩ ግን ከፊት ያለው ብቻ ነው የሚታየው ሌላው ቅጠሉ ሸፍኖታል።

ቅዳሜ ጠዋት ወደዛው እመለሳለሁ ካዳማ 11 ሰዓት ተነስቼ። ካዳማ ወይም ከሞጆ የሚመጣ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ መኪና ውስጥ ቦታ አለ።

ባዮ ተማሪ፦

ከሞጆ እኔ አለሁ፣ ጻፍኩልሽ። ክሎዝአፕ ሌንስ ለስልክ የሚሆን ይዤ እመጣለሁ፣ የውሃ አንቁር ያለበት የመስኖ ቦይ ዳርም እንሂድ አክሪያዋ እዛ ነው የምትገኘው።